ሃርቫርድ ወይስ ስታንፎርድ? በሕግ አምላክ!

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ወዳጄ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አለ፤ እንዳትቀር» ብሎ ደወለልኝ። ቡና ነው ብዬ ስሄድ ለካንስ ሸንጎ ኖሯል! ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው በየሰፌዱ ቀርቧል። መሐል ላይ የወዳጄ ልጅ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ አምስት ዓመት ሥራ ላይ ቆይቶ፣ ለኤም.ቢ.ኤ. ትምህርት አሜሪካ አመልክቶ ነበር። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት። አንደኛው ሃርቫርድ፣ ሁለተኛው ስታንፎርድ። እኔ ደግሞ ድሮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን እንድፈርድ መጠራቴ ነው።

ክርክሩ ተጧጡፏል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ የገባው አጎት «ሃርቫርድ! ይኼ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ሃርቫርድ ስትል ያልሰማ ሰው አለ?» ይላል። ከካሊፎርኒያ የገባችው የአክስት ልጅ ደግሞ «ስታንፎርድ እኮ ጎግል የተወለደበት ነው! አሁን ዓለም ያለው እዚህ ነው» ትላለች። ጡረታ የወጡት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ጎረቤት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ቢል ጌትስ የት ተማረና?» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሞከሩ። አባትየው በስልኩ የደረጃ ሰንጠረዥ ከፍቶ «ዘንድሮ ማን አንደኛ ወጣ?» እያለ እንደ እግር ኳስ ውጤት ያነባል። እናትየው ብቻ ከረከቦቷ ቀና ብላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «የቱ ነው ብርድ የሌለው?»

ሁሉም ሳቁባት። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለ ልጁ የተጠየቀው ብቸኛ ጥያቄ እሱ ነበር። የቀረው ሁሉ ስለ ስም ነው። «ለመሆኑ ምን ልትማር ነው የምትሄደው?» ያለው የለም። «ማን ነው የሚከፍለው?» ያለ የለም። «ከዚያስ በኋላ?» ያለ የለም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልጁን ይወዱታል። ችግሩ ትምህርትን ከስሙ ለይቶ ማየት ከተውን ቆየን። ይኼ የአንድ ሳሎን በሽታ ቢሆን ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ፣ መርቄ በወጣሁ ነበር። የአገር በሽታ ስለሆነ ግን ልጽፈው ተገደድኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከስሙ እንጀምር።

ቢል ጌትስ ሃርቫርድ የገባው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ እሱንም ሳይጨርስ ጥሎ ወጣ። ማርክ ዙከርበርግም እንደዚያው። ሁለቱም የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አልነበሩም። ጎግልን የፈጠሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ እንጂ ኤም.ቢ.ኤ. ሲማሩ አልነበረም። ታዲያ የእነዚህን ሰዎች ስም እየጠራን ልጁን የምንልከው ምን ሊያደርግ ነው? «እነሱ አቋርጠው ስለወጡ አንተም አቋርጠህ ውጣ» ልንለው ካልሆነ በቀር ምሳሌው ለጉዳዩ አይገጥምም። በሰው ሠርግ ጎራዴ እንደመምዘዝ ያለ ነው።

ዕድሜን ለሚወድም ዕድሜ ልንገረው። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ እኛ ዘንድ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። የስታንፎርዱ በ1925 ተመሠረተ፤ እሱም ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሩን የከፈተበት ዓመት ነው። አጋጣሚው ያስቀኛል። አባቶቻችን «የምኒልክ ልጅ ነኝ»፣ «የተፈሪ መኮንን ልጅ ነኝ» እየተባባሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፎካከሩ ሰምተን አድገናል። ከሁለቱም ቤት አገር የጠቀመ ወጥቷል፤ ከሁለቱም ቤት አገር የጎዳ ወጥቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረት የተተረተው ለሠራ ሰው ስም ነው። የትምህርት ቤት ስም ተውሶ ከመቃብር በላይ የዋለ ሰው እኔ አላየሁም።

ለመሆኑ የእኛ የቀድሞ ተማሪ ትምህርት ቤት የሚመርጠው እንዴት ነበር? የቅኔ ተማሪ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እያለ ቤት ለይቶ ይከራከራል፤ እሱስ የት ይቀራል። ነገር ግን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ስንት ቀን በእግሩ የሚገሰግሰው «እገሌ የሚባሉ መምህር እዚያ ደብር ወንበር ዘርግተዋል» ሲባል ሰምቶ ነው። የሚሄደው ወደ ሰው ነው። መምህሩ ሲያርፉ ወይም ሲዛወሩ ተማሪውም ተነሥቶ ይሄዳል። ደግሞም እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፦ ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፣ መሽቶ የኔታ ፊት ይነግራል፣ ሲሳሳት በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ምን ሊማር፣ ከማን ሊማር፣ እንዴት ሊማር እንደሚሄድ አውቆ ነው ደጅ የሚጠናው። የእኛ ዘመን የሰለጠነ ቤተሰብ ያንን ያህል እንኳ አይጠይቅም!

እስቲ የሳሎኑ ሸንጎ ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ። በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ትምህርቱ ምን ይመስላል?

ሃርቫርድ በየዓመቱ ከ900 በላይ ተማሪ ይቀበላል። እነሱንም ወደ 90 የሚጠጉ ተማሪዎች ባሉባቸው ክፍሎች ይከፋፍላቸዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል አንድ ላይ ይማራል። አዳራሹ እንደ ፈረስ ኮቴ የዞረ ነው፤ መቀመጫህ ተወስኖልሃል፣ ስምህ ፊት ለፊትህ ተጽፏል። ትምህርቱ በአብዛኛው በኬዝ ነው። ኬዝ ማለት የአንድ ድርጅት እውነተኛ ታሪክ ነው፦ ሥራ አስኪያጁ መንታ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ገንዘቡ ይኼን ያህል ነው፣ ተፎካካሪው ይኼን አድርጓል፣ አንተ ብትሆን ምን ትወስናለህ? በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 500 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ታሪክ ይነበባል። አስተማሪው ገብቶ ማስታወሻ አያስጽፍም። ድንገት ስምህን ጠርቶ «አንተ ጀምር» ይላል። ከዚያ በኋላ ዘጠናው ሰው ይቀባበልሃል። በብዙዎቹ ኮርሶች የውጤትህ ግማሽ ያህሉ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ በተናገርከው ነው። ውጤቱም ተማሪ ከተማሪ እየተነጻጸረ ነው የሚደለደለው፤ አንዱ ላይ ሲወጣ ሌላው የግድ ታች ይሆናል።

አሁን ይህን ከእኛ ልጆች አስተዳደግ ጋር አስተያዩት። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል፣ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት የተቆጠረበት ልጅ። እኔ ራሴ ስንትና ስንት ጎበዝ ተማሪ በዝምታው ምክንያት ሳላውቀው እንዳለፈኝ አስታውሳለሁ። እዚያ ግን ዝም ይነቅዛል! እንግዲህ ይህ ሥርዓት ያን ልጅ ወይ አንደበቱን ይፈታለታል ወይ ይሰብረዋል። የትኛው እንደሚሆን የሚያውቀው ልጁ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ አጎት አያውቀውም።

ስታንፎርድ ሌላ ቤት ነው። በዓመት የሚቀበለው ከ400 ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ከሃርቫርድ ግማሽ አይሞላም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል ማለት ነው። ኬዝም አለ፣ ሌክቸርም አለ፣ የቡድን ሥራም አለ። ተማሪዎች ውጤታቸውን ለቀጣሪ ያለመንገር የቆየ ልማድ ስላላቸው የማርክ ሽሚያው ይቀዘቅዛል። እዚያ በጣም የሚፈለገው ምርጫ ኮርስ ስለ ገንዘብ አይደለም። ተማሪዎቹ «ተቺ ፊሊ» እያሉ ይጠሩታል። ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና «አንተ እንዲህ ስትናገር እኔ ውስጥ የሚሰማኝ ይኼ ነው» እየተባባሉ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። በቃ፣ ትምህርቱ እሱ ነው። ለእኛ ይህ ከሂሳብ ሁሉ የከበደ ሂሳብ ነው። እኛ ሰሙን ተናግረን ወርቁን ሰሚው ፈልቅቆ እንዲያወጣው የምንተው ሕዝብ ነን። እዚያ ግን ወርቁን አውጥተህ እፊቱ አስቀምጥለት ትባላለህ። መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ አለቃና ሠራተኛ ስንት ዓመት ተኮራርፈው እንደሚኖሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

አያችሁ? ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በስም ክብደት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚለያዩት ግን በሰው አሠራር ነው። ልጁ የጎደለው አንደበት ነው ወይስ ጆሮ? ትልቅ ድርጅት መምራት ነው የሚፈልገው ወይስ ከዜሮ መጀመር? ቤተሰቡ ይህንን ሳይጠይቅ «ማን አንደኛ ወጣ?» ይላል።

እስቲ ወደዚያ «ደረጃ» ወደሚባለው ነገር እንምጣ። የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያወጡት ጋዜጦች ናቸው፤ ከእነሱም ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ፋይናንሺያል ታይምስ ነው። ሚዛኑ ላይ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ምን መሰላችሁ? ደሞዝ። ተመራቂው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስንት ያገኛል? ከመማሩ በፊት ከነበረው በስንት እጥፍ አደገ? ለመንግሥት አገልግሎትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የሄዱት ሰዎች ደሞዝ ከስሌቱ ውስጥ እንዲወጣ ይደረጋል። ልብ በሉ! የወዳጄ ልጅ ተመርቆ መጥቶ አገሩ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢያስተካክል በዚያ ሂሳብ ውስጥ የለም። መጥቶ የራሱን ትንሽ ድርጅት ቢከፍትና ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጁ ላይ ምንም ባይተርፈው ደግሞ የትምህርት ቤቱን አማካይ ወደ ታች የሚጎትት ሸክም ነው። አባትየው ይህንን ሰንጠረዥ ይዞ ነው እንግዲህ «ልጄ ተምሮ አገሩን እንዲጠቅም» የሚለው። ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ ገበያ ነው ጎበዝ! በኩንታል ሚዛን ወርቅ አይመዘንም።

አሁን የሸንጎው አባላት በጣም ወደሚሸሹት ጉዳይ እንግባ። ገንዘብ።

በሁለቱም ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን ሲጨመር ሁለቱ ዓመት ከ200 ሺህ ዶላር ያልፋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ 100 ብርን ዘሎ ሄዷል። ስለዚህ የምንነጋገረው ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ስለሆነ ነገር ነው። ወዳጄ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት። በሸንጎው መሐል ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤቱንም ቢሆን…» ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው።

እውነቱን እንነጋገር። ሁለቱም ቤቶች ገንዘብ የሚረዱት በችሎታ ለይተው አይደለም፤ ለተቀበሉት ሁሉ ችሎታ አለው ብለው ተቀብለውታልና። የሚረዱት በችግር ልክ ነው፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ተማሪም ይህን እርዳታ ያገኛል። ስታንፎርድ ደግሞ ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች የተለየ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች የሚደርስ ነው፤ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። ግዴታ ግን አለበት። ተመራቂው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሠራ ይጠየቃል። በዚያ ሳሎን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የጎግልን የልደት ቦታ የሚያውቅ ሞልቶ፣ ልጁን ከዕዳ ሊያድን የሚችለውን አንድ ገጽ ያነበበ አልተገኘም! ስለዚህ ጉዳይ ሳነሣ የአክስት ልጅ ከካሊፎርኒያ ምን አለች? «ተመለስ የሚል ግዴታ ካለበትማ ይቅርበት!»

እንግዲህ ይኼው ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ነው ፍርጥ አድርገን መነጋገር ያለብን። ዕዳ አገር ይመርጣል። መቶ ምናምን ሺህ ዶላር ዕዳ ተሸክሞ የወጣ የ30 ዓመት ወጣት «ቦስተን ልቅር ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?» ብሎ አይጨነቅም፤ ዕዳው ወስኖለታል። ሥራውንም ዕዳው ይመርጥለታል። ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ተመራቂ የሚገባው ወደ ማማከር ድርጅት፣ ወደ ፋይናንስና ወደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው። የሚገባው ሌላ ሕልም ስላልነበረው ላይሆን ይችላል። ማመልከቻው ላይ ስለ አርሶ አደር ጽፎ ነበር፤ በየወሩ የሚከፈለው ብድር ግን ስለ አርሶ አደር አያውቅም። በዚያ ላይ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ኑሮው በሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ መንግሥት ሃርቫርድ የውጭ አገር ተማሪ እንዳይቀበል ሲወስንና ፍርድ ቤት ሲያግደው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች «ነገ የት ነኝ?» እያሉ ሰንብተዋል። ገናናው ስም አላስጣላቸውም።

አውቃለሁ፣ እዚህ ላይ የሚነሣብኝ መከራከሪያ አለ። «ጋሼ፣ አንተ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነህ። በዚህ ዓለም ላይ ስም በር ይከፍታል። ትውውቅ ራሱ ሀብት ነው» የሚል። ልክ ነው። አልክድም። የሃርቫርድም የስታንፎርድም ተመራቂ ስልክ ሲደውል ይነሣለታል። ለአፍሪካዊ ወጣት ደግሞ ይህ ከማንም የበለጠ ዋጋ አለው፤ በስሙና በፓስፖርቱ ምክንያት የሚዘጋበት በር ብዙ ነውና። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ ለሸንጎው አይጠቅመውም። ሁለቱም ስሞች አንድ ዓይነት በር ይከፍታሉ። አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ ዘበኛ የለም። ስለዚህ በስም ከሄድን ምርጫው አልቋል ማለት ነው፤ ልዩነት የለውም። ልዩነት ያለው በትምህርቱ አሰጣጥ፣ በዕዳው መጠንና ልጁ ሊሠራው ባሰበው ነገር ላይ ነው። እኛ ልዩነት በሌለበት ቦታ ሁለት ሰዓት ተሟግተን፣ ልዩነት ያለበትን በዝምታ አለፍነው።

ስም ደግሞ ከጥፋት አያድንም። የኤንሮን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጄፍሪ ስኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሃርቫርድ በኤም.ቢ.ኤ. የተመረቀ፣ ያውም ከክፍሉ ቁንጮ ተማሪዎች አንዱ ነበር። ኤንሮን በ2001 በሐሰት ሂሳብ ተንኮታኩቶ ሲወድቅ ስንት ሺህ ሠራተኛ የጡረታ ገንዘቡን አጣ! ስኪሊንግም በ2006 ጥፋተኛ ተብሎ ወኅኒ ወረደ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ደግሞ የ2009 የሃርቫርድ ተመራቂዎች ራሳቸው አፍረው ይመስለኛል፣ እንደ ሐኪሞች «በታማኝነት እንሠራለን» የሚል ቃለ መሐላ አዘጋጁ። በፈቃድ ነው የሚማለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ይዘን ለኖርን ለእኛ፣ ይህ ጉዳይ ከደረጃ ሰንጠረዥ በላይ ሊያስጨንቀን ይገባ ነበር።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎች እየመጡ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ይሉኝ ነበር። ቅኔ የሚገባቸው፣ ልብ ወለድ እያነበቡ የሚያለቅሱ ልጆች ኤም.ቢ.ኤ. ሊማሩ። እኔም «ትጉህ ነው፣ ብሩህ ነው» እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ። «ለምን?» ብዬ የጠየቅሁት አንድም ተማሪ ትዝ አይለኝም። መጠየቅ ነበረብኝ። ስታንፎርድ ለብዙ ዓመታት አመልካቾቹን የሚጠይቀው አንድ የድርሰት ጥያቄ አለ፤ ሲተረጎም «ከሁሉ በላይ ለአንተ ዋጋ ያለው ነገር ምንድን ነው? ለምንስ?» ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድርሰት ሳርም ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሳልሰጥ መቅረቴ ይቆጨኛል። እኛ ግን ይህን ጥያቄ እንኳ ለሌላ ሰው አስረክበን በገንዘብ እናስጽፈዋለን። በከተማችን በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍና በየመብራቱ ምሰሶ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እያየን እናልፍ የለም? ማማከር መባሉ ለይሉኝታ ነው። የገዛ ራሱን ምኞት ለመግለጽ ደላላ የቀጠረ ሰው፣ ነገ የሰው ሀብት ምራ ቢባል ምን ይዞ ይመራል?

ልማት የሚመጣው ከስም ሳይሆን ነገሩን ሥር ድረስ ከማወቅ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ስታንፎርድ ተምረዋል፤ ግን ቢዝነስ ትምህርት ቤት አይደለም። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በኢኮኖሚክስ ነው፤ ጥናታቸውም የእኛው የእህል ገበያና የእህል ደላሎች ላይ ነው። ደላላው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ነጋዴው ለምን የማያውቀውን ሰው እንደማያምን አጠኑ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከጀርባው ያ ሁሉ ዓመት ነበረ። ስለ ምርት ገበያው ብዙ ክርክር ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄው ግን ከአገር ቤት የተነሣ ነበር። የቡናችንንም ነገር አስታውሱ። ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች የእኛ መሆናቸውን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ማመልከቻ ገባ፤ ከዚያ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። እዚያ ላይም የተሟገትነው ስለ ስም ነው። ነገር ግን ያ ስም ገበሬው ተክሎ፣ ኮትኩቶ፣ ለቅሞ ያፈራው ስም ነው። ሳሎን ውስጥ የምንሟገትለት ደግሞ ሌላ ሰው ተክሎ፣ ሌላ ሰው ኮትኩቶ ያፈራው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ወደ ቡናው ልመለስና ልጨርስ።

ሸንጎው ሳይስማማ ተበተነ። ልጁ ሊሸኘኝ እስከ በር ወጣ። እኔም ሳሎን ውስጥ ያልተጠየቀውን በር ላይ ጠየቅሁት። «አንተስ? ምን ልትማር ነው?»

መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «ጋሼ፣ እኔ ጭነት ላይ ነው የሠራሁት» አለኝ። ስለ ጂቡቲ መንገድ ነገረኝ። ወጪና ገቢ ዕቃችን ከሞላ ጎደል በዚያ አንድ መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጋላፊ ላይ የቆመ የጭነት መኪና በቀን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ፣ ጭኖ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ዋጋውን እንዴት በዘይትና በስኳር ላይ እንደሚጭንብን፣ ሾፌሩ ሌሊቱን የት እንደሚያድር። ያ አንገቱን ደፍቶ የዋለው ልጅ ዓይኑ በራ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ሰማሁት። ይኼ ልጅ አንደበት አለው! የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው።

ያኔ ፍርዴን ሰጠሁት፤ እናንተም ስሙት። «ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጥ። ስማቸውን በወረቀት ሸፍነው። በአንደኛው መስመር ላይ ስትመረቅ የሚቀርብህን ዕዳ ጻፍ። በሁለተኛው ስለ ትራንስፖርትና ስለ ዕቃ አቅርቦት የሚያስተምሩትን ሰዎች ስም ጻፍ። በሦስተኛው ዘጠና ሰው ፊት መሟገት ነው ወይስ አሥራ ሁለት ሰው መሐል እውነት መናገር ነው የሚጠቅምህ የሚለውን ጻፍ። ሦስቱ ካልተስማሙ የመጀመሪያውን አስበልጥ። ዕዳው ያነሰበት ቤት ሂድ፤ ወደ ጋላፊ የሚመልስህ እሱ ነው። ሁለቱም ዕዳህን ካላቀለሉልህ ደግሞ ያባትህን ቤት አታሽጥ። ሁለቱንም አመስግነህ ሥራህን ቀጥል፤ በሌላ ዓመት፣ በሌላ መንገድ ትማራለህ።»

«ሃርቫርድንና ስታንፎርድን እምቢ ልበል?» አለኝ ደንግጦ።

«መቻልህን እወቅ፤ ያኔ ነው መምረጥ የምትችለው» አልኩት።

ይህን ስል እናትየው ከኋላችን ቆማ ትሰማ ኖሯል። እንደማይመቻት ሳውቅ ቢያንስ ለእሷ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጣት ብዬ ዞር አልኩና «ቦስተን ይበርዳል» አልኳት። ቀና ብላ ልጇን አየችው። «ጋላፊስ?» አለች።